ከገጹ የተረፉ ሁለት ስንኞች

የኖታ መጻፊያ ፕሮግራሙን የሠራው ሰው ጎጃምን ረግጦ አያውቅም፤ በዚህ እምላለሁ። ቢያውቅ ኖሮ መስመር የሚቆረጠው ዘፋኙ በሚተነፍስበት ቦታ መሆኑ ይገባው ነበር። ፕሮግራሙ ግን ወረቀቱ በሞላበት ይቆርጣል፤ ቃል መሐል ይሁን፣ ስም መሐል ይሁን ግድ የለውም። እኔ በእጄ ሳስተካክለው ደግሞ መጨረሻ ላይ ያሉት አራት ባሮች፣ ማለትም በቋሚ መስመር የተከፈሉ አራት የኖታ ክፍሎች፣ ተገፍተው ሁለተኛ ገጽ ላይ ይወድቃሉ። አንድ ወር ሙሉ፣ ቢቸና ሙዚቃ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስወጣ፣ ሥራዬ እነዚያን አራት ባሮች ወደ ላይ መመለስ ሆነ።

ዘፈኑ የጋሼ ፋንታ ነው። ሞጣ ሳድግ ጎረቤታችን ነበሩ፤ በጦር ሠራዊት ኦርኬስትራ አኮርዲዮን ሲጫወቱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ኖታ ማንበብን ያስተማሩኝ ሰው። አሁን የመርሳት በሽታ ይዟቸዋል። ዘፈኑን ለሟች ባለቤታቸው ለጥሩአየሁ ነው የሠሩት፤ ከእሳቸው በቀር አሳምሮ የሚጫወተው የለም። "ጸደንያ፣ ከራሴ ቢወጣ እንኳ ማንበቡ አይጠፋኝም፤ ጻፊልኝ" አሉኝና እሺ አልኩ።

ታዲያ አንድ ገጽ ላይ መግባት አለበት። ሁለቱም እጃቸው አኮርዲዮኑ ላይ ስለሆነ ገጽ መግለጥ አይችሉም። ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ስናስቀምጥላቸው፣ ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ የመጀመሪያውን መጫወታቸውን ይረሱና እንደገና ከላይ ይጀምራሉ። የመመለሻ ምልክት ባደርግላቸው ደግሞ ሲመለሱ ይውላሉ።

ህዳጉን አጠበብኩ። ርዕሱን አሳነስኩ። መስመሮቹን ሳቀራርባቸው ግጥሙ ከሥሩ ካለው ኖታ ጋር ተላተመ። በመጨረሻ ኖታውን ራሱን አሳንሼ አስገባሁትና እያፏጨሁ በሚኒባስ ሞጣ ወሰድኩት። ጋሼ ፋንታ ወረቀቱን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው አዩና ይሄ ጉንዳን ነው እንጂ ኖታ አይደለም አሉ። አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው ይርጋነሽ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ንዴቴ በፕሮግራሙ ነበር፤ ያረፈው ግን እሳቸው ላይ ነው። እነዚያ አራት ባሮች የያዙት የመጨረሻዎቹን ሁለት ስንኞች ነበር፦

ከሞጣ ተነስቼ ቢቸና ቢመሽብኝ፣
ጥሩአየሁ ናት መብራት የያዘችልኝ።

"እነዚህን ብንተዋቸውስ? ዘፈኑ ያለ እነሱም ሙሉ ነው" አልኳቸው።

አኮርዲዮናቸውን ከጭናቸው አወረዱ። "ልጄ፣ ስሟ ያለው እዚያ ብቻ እኮ ነው" አሉኝ።

አፍሬ ቢቸና ተመለስኩ። ማፈሬ ግን ባሮቹን አልመለሰልኝም። ፕሮግራሙን አጥፍቼ ከፈትኩት፣ ሰደብኩት፣ አንድ ቀንማ ሟቿንም ስሟ በመርዘሙ ተቆጣኋት። ከዚያ የፈተና ሰሞን ሆነና ሦስት ሳምንት ሳልሄድ ቀረሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ላፕቶፔን ይዤ ሄድኩ። የድሮውን ፋይል ማየት ስላስጠላኝ አዲስ ገጽ ከፍቼ፣ ጋሼ ፋንታ በቃላቸው ሲጫወቱ እየሰማሁ፣ በትልልቅ ኖታ ከመጀመሪያው ጀምሬ ጻፍኩት። ሦስት ጊዜ አጫወትኳቸው። ስጨርስ የመጨረሻው ባር ከገጹ ግርጌ ቁጭ ብሏል፤ ከሥሩ እንኳ ትንሽ ቦታ ተርፏል። ገባ አልኩና አጨበጨብኩ። ጋሼ ፋንታም ደስታዬን አይተው አጨበጨቡ።

ይርጋነሽ የታጠበ ልብስ ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። "እማዬን አልጠሯትም" አለች፣ ቀስ ብላ።

ባሮቹን ቆጠርኩ። አራት ጎድሏል። ሦስቱንም ጊዜ ያቆሙት እዚያው ላይ ነው፤ እኔ የገጹን ነገር እንጂ ዘፈኑን አልሰማሁም ነበር። በራሴ በጣም ተናደድኩ። ምናልባት አንዱን ቃል ሲሰሙ ሌላው ይመጣላቸው ይሆናል ብዬ ሁለቱን ስንኞች በዜማቸው አንጎራጎርኩላቸው። ጋሼ ፋንታ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

"ግሩም ነው" አሉ። "የማን ነው?"

ይርጋነሽ ፊቷን ወደ ግቢው አዞረች። የእርስዎ ነው ልላቸው ነበር። እሳቸው ግን ቀደሙኝ። "እሱንም ጻፊልኝ እንጂ። እንዲህ ያለ ነገር አንዴ ከጠፋ አይገኝም።"

የድሮውን ፋይል ከፈትኩ። ኖታውን አሳደግሁት። አንድ ወር ስታገለው የከረምኩትን የገጽ መቁረጫ፣ ከሁለቱ ስንኞች በፊት በገዛ እጄ አስገባሁት። ሁለተኛው ገጽ ላይ አራት ባር ብቻ ተቀመጠ፤ የቀረው ባዶ ወረቀት ነው። ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞርኩላቸው። ጋሼ ፋንታ አኮርዲዮኑን አስተካክለው ያዙና፣ የማያውቀውን የሰው ዘፈን እንደሚያነብ ሰው ተጠንቅቀው፣ አንድም ኖታ ሳይስቱ ተጫወቱት።