በብየዳ የተደፈነው ሞዞ

መካኒኩ ቫልዴሚር የፊት ጎማውን ነቅሎ ሲያይ አፉን ምራቅ ሞላው፤ ዞር ብሎ እንትፍ አለ። ጎማው የሚታሰርበት ሞዞ ከአንድ የተጣለ የዕቃ መኪና የተፈታ ነው። የድሮዎቹ የቡሎን ቀዳዳዎች በብየዳ ተደፍነው፣ አጠገባቸው አዲስ ተበስቶ፣ ሁሉም በብርማ ቀለም ተሸፍኗል። ቀለሙ ገና ጣት ይይዛል።

መኪናዋ ቀይ ፑማ ናት፣ የሰባዎቹ ዓመታት የሳኦ ፓውሎ ሥሪት። የጋራዡ ባለቤትና የቫልዴሚር እህት ባል ዡራንዲር "ፍሬኗ ወደ ዲስክ የተቀየረ፣ ሞዞዋ አዲስ" ብሎ ሸጧታል። ዲስኩስ እውነትም አዲስ ነው። ገዢዋ ዶና ሊንዳልቫ የሚባሉ ጡረተኛ መምህርት ናቸው፤ ዛሬውኑ ተረክበው ከልጃቸው ጋር ከተራራው ግርጌ ባሕር ዳር ወዳለችው ሳንቶስ ሊወርዱ ነው። ያንን ቁልቁለት ቫልዴሚር ያውቀዋል። እዚያ ጎማ ከወለቀ ከገደሉ በፊት የሚያቆም ነገር የለም።

ዡራንዲር በአይብ ተሞልቶ በዘይት የተጠበሰ ፓስቴል እየገመጠ መጣ፤ ዘይቱ በአገጩ ይወርዳል። ቫልዴሚር ብየዳውን አሳየው።

"ብረት ብረት ነው ወንድሜ። ተበየደ፣ አለቀ።"

"ፍሬን ሲያዝ ይሰነጠቃል።"

"አንተ ደግሞ ሟርት ትወዳለህ። ጎማውን ግጠምና ዝጋው፤ የሚታየው እኮ ዲስኩ ነው።"

በቅባታም እጁ ትከሻውን ቸብ ቸብ አድርጎ፣ ጋራዡ የማን እንደሆነም አስታወሰው። ቫልዴሚርን ቀፈፈው። ይበልጥ የቀፈፈው ግን የገዛ እጁ ነበር፤ ቺያቬውን አንስቶ ቡሎን ማጥበቅ ጀምሯልና።

በዚህ መሀል ዶና ሊንዳልቫ ከልጃቸው ጋር ደረሱ። ልጅቷ ሻንጣቸውን መኪናዋ ውስጥ አስገባች። ዡራንዲር አገጩን ጠርጎ፣ ምላሱን ማር አድርጎ ስለ ፍሬኑ ያወራላቸው ጀመር። በዚህ ፍሬን ቁልቁለቱን ዓይን ጨፍኖ መውረድ ይቻላል አላቸው።

ቫልዴሚር ቡሎኖቹን መልሶ ፈታ። ሞዞውን አውልቆ፣ የተበየደውን ጎን ወደ ላይ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ትልቁን መዶሻ ለዡራንዲር ዘረጋለት።

"አንድ ጊዜ ምታው።"

"ምን ነካህ?"

"ብረት ብረት ነው ብለሃል። ዶና ሊንዳልቫ እያዩ ምታው።"

ዡራንዲር ሳቀ፤ አብሮት የሳቀ ግን አልነበረም። መዶሻውን ተቀብሎ ሞዞውን አየ፣ ሴትዮዋን አየ። ተራራ ያህል የከበደው ይመስል መዶሻውን ከወገቡ በላይ አላነሳውም።

"ይሄ ለመኪና እንጂ ለመዶሻ የተሠራ ዕቃ አይደለም" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ዶና ሊንዳልቫ ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ሻንጣውን አውጪው" አሏት።

ዡራንዲር ፊቱ ቲማቲም መስሎ ወደ ቫልዴሚር አፈጠጠ። ቫልዴሚር ግን ውጣ እስኪባል አልጠበቀም፤ የራሱን ካቻቪቴዎች ከጋራዡ ዕቃ እየለየ ከረጢቱ ውስጥ መክተት ጀምሮ ነበር።