የደብረ ሲናው ምሳ

በ1951 ዓ.ም. ኪዳነ ማርያም ደብረ ብርሃን ላይ አስተማሪ ነበር። ልቡ ወደ ወንድ እንደሚያዘነብል የሚያውቀው በከተማው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ወልደአረጋይ። እሱም እንደዚያው ስለሆነ፣ አንዱ የሌላውን ምስጢር ጠብቆ ለዓመታት ኖረዋል። ኪዳነ ማርያም ደብረ ሲና ካለው መካኒክ ከሬናቶ ጋር መዋደዱን በነገረው ቀን ግን የወልደአረጋይ ፊት ጠቆረ።

«ጣሊያን?»

«እዚሁ ያደገ ነው። በወረራው ጊዜ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር።»

«ወንድሜ አንኮበር ላይ ሲሰቀል ስንት ዓመቱ እንደነበር ታውቃለህ? ዐሥራ ዘጠኝ። ወንድ መውደድህን እኔ እንዴት እነቅፍሃለሁ? ግን ከዚህ ሁሉ ሰው እሱን?»

«መርጬ መሰለህ?»

ወልደአረጋይ ወዲያ ወዲህ ተንጎራደደ። በመጨረሻ፣ «ውሰደኝና ልየው» አለ።

ቅዳሜ በጭነት መኪና የጣርማበርን ተራራ አልፈው ወደ ደብረ ሲና ወረዱ። ሬናቶ ፓስታ ሠርቶ ጠበቃቸው። ከአዲስ አበባ የመጣ ብሩኖ የሚባል ያገሩ ሰውም ነበር፤ እሱም እንደ እነሱ ወንድ የሚወድ ነው። ብሩኖ እንግዶቹን ከላይ እስከ ታች አያቸውና በጣሊያንኛ አንድ ነገር ተናግሮ ሳቀ። ሬናቶ አቀረቀረ።

ወልደአረጋይ ሹካውን አስቀመጠ። ጣሊያንኛ የለመደው በወረራው ጊዜ፣ እስር ቤት ነው።

«ልተርጉምልህ?» አለው ጓደኛውን። «‹ከጥቁር ጋር መተኛት ያለ ነው፤ ማዕድ ላይ ማስቀመጥ ግን ምን የሚሉት ነው?› ነው ያለው።»

ኪዳነ ማርያም ብርጭቆውን ገፋ አደረገ። ሬናቶን አየው። «እውነት ነው?»

«ቀልድ ነው» አለ ሬናቶ ፊቱ ቀልቶ።

«እንግዲያው ሳቅ» አለው ኪዳነ ማርያም።

ሬናቶ መሳቅ አልቻለም። ውጭ ዳገቱን የሚወጣ መኪና ሲያጓራ ይሰማል። ኪዳነ ማርያም ካፖርቱን ሲያነሳ ሬናቶ ብድግ ብሎ በሩን ከፈተ። ብሩኖን በአማርኛ፣ ሁሉም እንዲሰማው፣ «ውጣ ከቤቴ!» አለው። ብሩኖ ኮፍያውን ይዞ እየተሳደበ ወጣ።

ሬናቶ ወደ ወልደአረጋይ ዞሮ እጁን ዘረጋ። ወልደአረጋይ አልጨበጠውም።

«አንተን ጠልቼ አይደለም» አለ። «እጄ እምቢ አለኝ።»

አመሻሹ ላይ በጭነት መኪና የጣርማበርን ዳገት መልሰው ወጡ።

«መጀመሪያ ማቀርቀሩ ግን ከልቤ አልወጣልኝም» አለ ኪዳነ ማርያም።

«ለእሱው ንገረው። በሚመጣው ቅዳሜ ብቻህን ሂድ» አለ ወልደአረጋይ፣ ገደሉን እያየ። «የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ ከእኔ ጋር ነበር እላለሁ።»