ኳሷ እስክትነጥር

"እንኳን ወደ ፌንጣ ጨዋታ በደህና መጣህ። በመጀመሪያ የሌሊት ወፉን በሁለት እጅህ አጥብቀህ ያዝ። ከዚያም..."

አፀደ አቆመች። ወረቀቱን ከዓይኗ አራቀችው፤ መልሳ አቀረበችው። ያው ነው። ከመስታወቱ ወዲያ የተቀመጠውን የድምፅ ባለሙያ ቀና ብላ አየችው።

"ሀሩን፣ የልጆች ተረት ነው እንዴ የምታስነብቡኝ?"

"አይደለም፣ እትዬ አፀደ። የቪዲዮ ጌም ነው። ክሪኬት ይባላል፤ ይሄ ለጀማሪዎች የኳስ አመታት የሚያስተምረው ክፍል ነው።"

"ታዲያ የሌሊት ወፍ ምን ልትሠራ ገባች?"

ሀሩን ሳቁን ዋጥ አደረገ። "ኳሷ የምትመታበት ዱላ በእንግሊዝኛ ባት ነው የሚባለው። የሌሊት ወፍም ስሟ ባት ነው። ፌንጣውም እንደዚያው፤ ክሪኬት የምትባል ፌንጣ የምትመስል ፍጥረት አለች። ኮምፒዩተር ነው የተረጎመው።"

አፀደ አልሳቀችም። ሀሩን እያብራራላት ወደ ታች አነበበች። ኳሷ የምትነጥርበት ሜዳ ቅጥራን ሆኗል። ምንም ነጥብ ሳያገኝ የወጣ ተጫዋች ዳክዬ ተብሏል። ዕድሜዋን ሙሉ በሬዲዮ ድራማ እናት፣ ንግሥት፣ ሌባ፣ ሙሽራ ሆና ተጫውታለች። ታክሲ ውስጥ "ወራጅ አለ" ስትል ድምፅዋን የሚያውቁ ሰዎች ዞር ብለው ያዩዋታል። አሁን በዚሁ ድምፅ የሌሊት ወፍ አጥብቃችሁ ያዙ ልትል ነው።

ማዳመጫውን አውልቃ ወደ ደጀኔ ቢሮ ሄደች። የስቱዲዮው ባለቤት ደጀኔ ነው። ጎረምሳ ሳለ ትንፋሹን የት እንደሚወስድ፣ የትኛውን ቃል ጫን እንደሚል ያስተማረችው እሷ ናት። መስኮቱ ኢምፔሪያል አደባባይን ቁልቁል ያያል፤ የመኪናው ጡሩምባ በተዘጋው መስታወት ሳይቀር ይሰማል።

"ደጀኔ፣ ይሄን አንብበኸዋል?"

"እትዬ አፀደ! ተቀመጡ እንጂ። ምነው፣ ችግር አለ?"

"አንብበኸዋል ወይ ነው ያልኩህ።"

"ደንበኞቹ አፅድቀው ነው የላኩት። እኛ ድምፅ ብቻ ነው የምንሰጠው።"

"አማርኛ የሚችል አንድ ሰው አይቶታል?"

"ብዙ ቋንቋ ነው፤ ሁሉንም በማሽን ነው የሠሩት። ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በኢንተርኔት ገብተው በቀጥታ ይሰሙናል። እባክዎ፣ እንዳለ ያንብቡልኝ።"

"እንዳለ?"

ደጀኔ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። "እውነቱን ልንገርዎት? ይሄን ጌም በአማርኛ የሚጫወት የለም። ቋንቋችን ብዙ ነው ለማለት ያህል ነው የጨመሩት። ማን ይሰማዋል ብለው ነው የሚጨነቁት?"

አፀደ ስትናደድ አትጮህም፤ ድምፅዋ ይወርዳል። "እኔ እሰማዋለሁ" አለች በቀስታ። በሩን ሳትዘጋው ወጣች።

ቦርሳዋን አንስታ መተላለፊያው ላይ ደርሳ ነበር። እግሯ ግን አልሄድ አላት። ማን ይሰማዋል! ከሌላ ሰው አፍ ቢወጣ በተወችው። ሀሩን ተከትሏት ወጣ።

"ጌሙን አይተውት ያውቃሉ?"

"የት አይቼው!"

"ይምጡ፣ ላሳይዎት። እኔም ለሥራው ብዬ ነው የለመድኩት።"

የእንግዳ መቀበያው ቴሌቪዥን ላይ ከፈተላትና ባለቁልፍ መጫወቻውን በሁለት እጇ አስያዛት። ከሩቅ አንድ ሰው እየሮጠ መጥቶ ኳስ ወረወረ። አፀደ ቁልፉን ተጫነች። በስተኋላ የተተከሉት ሦስት እንጨቶች ተበታተኑ።

"ወጡ" አለ ሀሩን።

"ምን ማለት ነው ወጡ?"

"እንጨቶቹ ከወደቁ ተሸንፈው ከሜዳ ወጡ ማለት ነው።"

ደገመች፤ ወጣች። ሰለሰች፤ እንደገና ወጣች። ፊቷ ቀላ።

"ይሄ ነገር ተበላሽቷል!"

"አልተበላሸም። እርስዎ ቸኩለዋል። ተናደው ነው የሚመቱት።"

"አዎ፣ ተናድጃለሁ! ልናደድ አይገባም?"

"ይገባዎታል። ኳሷ ግን ይሄን አታውቅም።" ሀሩን ወደ ስክሪኑ ጠቆመ። "መሬቱ ላይ ቢጫ ክብ አለች አይደል? ኳሷ የምትነጥረው እዚያ ነው። ወርዋሪውን ይተዉት፤ ክቧን ይዩ። ወደ እርስዎ ከቀረበች አንድ እግር ወደ ፊት ይራመዱ፤ ከራቀች ወደ ኋላ ይበሉ። ኳሷ እስክትነጥር ይጠብቁ፤ ነጥራ ስትነሳ ያኔ ይጫኑ። መጀመሪያ ላይ ለመምታት አይጓጉ፤ ዝም ብለው ይመክቱ። ደግሞ ወደ ሰማይ አይላኳት፤ ተጋጣሚዎቹ ከቀለቧት አለቀልዎት።"

አፀደ ጠበቀች። ኳሷ ነጠረች፤ ዱላው ነካት፤ እግር ሥር ወደቀች። እንጨቶቹ አልተነኩም። ጥቂት እንደዚያ መከተች። በኋላ የመጣችውን ጠብቃ መታቻት፤ ኳሷ ሣሩን እየሰነጠቀች ከሜዳው ጠርዝ ወጣች። ስክሪኑ ላይ ያለው ሕዝብ ጮኸ።

"አራት ነጥብ!" አለ ሀሩን።

መጫወቻውን አስቀመጠች። የተሰጣትን ወረቀት ገልብጣ እስክሪብቶ አወጣች።

"ቅድም ያልከኝን ድገምልኝ። ቀስ እያልክ። እንደ ነገርከኝ አድርገህ፣ በራስህ አፍ።"

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ደንበኞቹ ገቡ፤ ፊታቸው አይታይም፣ ድምፃቸው ብቻ ነው። ደጀኔ ከሀሩን አጠገብ ቆመ። ቀዩ መብራት በራ።

"እንኳን ወደ ክሪኬት ጨዋታ በደህና መጣህ" አለች አፀደ። "ዱላህን በሁለት እጅህ ያዝ። አትቸኩል። ዓይንህን መሬቱ ላይ ካለችው ቢጫ ክብ አትንቀል..."

ደጀኔ እጁን ወደ ላይ አነሳ። አፉ ተከፈተ፤ ደንበኞቹ እየሰሙ ስለሆነ መልሶ ገጠመው። ወረቀቱ ተገልብጦ መነበቡን በመስታወቱ ውስጥ ያያል። አፀደ ዓይኗን ሳታነሳ ዱላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጨብጥ ሰው በሚሆን ለዛ ድምፅዋን እየለቀቀች እስከ መጨረሻው አነበበች።

ከወዲያ ጭብጨባ ተሰማ። አንድ ሰው በእንግሊዝኛ ረጅም ነገር ተናገረ። ደጀኔ ግንባሩን ጠረገ፤ ፊቱ በራ። ደንበኞቹ እንዳይሰሙት መስመራቸውን ለጊዜው ዘግቶ በማዳመጫዋ አናገራት።

"እትዬ አፀደ፣ ወደዱት! ልክ እኛ እንደጻፍነው ነው፣ ፍጹም ነው ነው ያሉት።"

"ልክ እንደጻፉት?"

"አዎ! በቃ፣ ዝም እንበል። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ጽሑፍ የራሳቸው ጣጣ ነው። ነገ ደግሞ የውርወራውን ትምህርት ይልኩልናል።"

"እሱንም ማሽን ነው የተረጎመው?"

"ያው ነው። ግን እርስዎ ያስተካክሉታል፣ አይደል? ማንም አያውቅም።"

ያነበበችው ሁሉ ትክክል ነበር፤ ደስታ ግን አልመጣላትም። የመጀመሪያውን ብታነብም ይሄንኑ ያጨበጭቡ ነበር። ድምፅዋን ሰምተዋል፤ ያለችውን ግን ማንም አልሰማም። ደረቷ ላይ ያለው እሳት ጭራሽ ባሰበት።

ከፊቷ ጠረጴዛ ላይ መስመሩን ከፍቶ ከደንበኞቹ ጋር የሚያነጋግር ማብሪያ አለ። እጇን ወደዚያ ዘረጋች። ደጀኔ ከመስታወቱ ወዲያ ራሱን ነቀነቀ፤ በሁለት እጁ ለመናት። ሀሩን ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያይ ጀመር።

አፀደ የምታውቃትን ጥቂት እንግሊዝኛ በሆዷ ደረደረች። ጉሮሮዋን ጠርጋ ማብሪያውን ተጫነች።

"ሄሎ፣ ሰር" አለች፤ ከዚያም ቃል በቃል፣ በተሰባበረው እንግሊዝኛዋ፣ "የላካችሁትን አላነበብኩም። ለምን እንዳላነበብኩ ልንገራችሁ።"