መንገድ ላይ የቀረው

«ቤት የሚያቃጥለው ዕቃው አይደለም…» ያለው የትኛው መምህር እንደነበር ጉተማ አሁን አያስታውስም። ከሃያ ዓመት በፊት የአንድ የኤሌክትሪክ ማሠልጠኛ ዘበኛ ሳለ፣ መስኮት ሥር ቆሞ የሰማው ነው። «ታዲያ ምንድን ነው?» አለ አንድ ተማሪ። መልሱን የወንበር ጩኸት ዋጠው፤ ለጉተማ የደረሰው «…መንገድ ላይ የሚቀረው» የሚለው ብቻ ነበር። የጎደለውን በመብራት መለኪያ ቴስተርና በአሮጌ ደብተር፣ ለዓመታት ብቻውን ፈለገው።

ዛሬ ረፋዱ ላይ፣ አዳማ፣ የመብራት ጠጋኝ ሆኖ አከራዩ አቶ ማስረሻ ግቢ ቆሟል። ትናንት ግቢው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸትቶ ነበር። አከራዩም ልብስ ሰፊዋን ሑስናን በጎረቤት ሁሉ ፊት «ካውያሽ ቤቴን ሊያነደው ነው፤ ነገ ከቀትር በፊት ልቀቂ!» ብለዋታል። ጨርቆቿን ጠቅልላለች።

«ጋሼ፣ እስቲ ልለካው» አለ ጉተማ።

«ምኑን? አንድ ሸሚዝ ለመተኮስ ግማሽ ቀን ትሰካዋለች። ጅብ ነው እንጂ ካውያ ነው?»

«ስለማይግል እኮ ነው!» ሑስና ቀና አለች። «ቢግልልኝ ወዲያው አልነቅለውም?»

«አንዴ ስኪው፣ እህቴ።»

«ለሳቸው ማስረጃ?»

«ላንቺ።»

ሰካችው፤ እሱም በቴስተሩ ለካ። ቆጣሪው ዘንድ ሁለት መቶ ሃያ ቮልት፤ እሷ ሶኬት ላይ መቶ ሰባ ስድስት። ካውያው የሚስበው አራት አምፔር። ጉተማ መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ ቮልቱን ለአምፔሩ አካፈለ፤ አርባ አራት ኦም፣ ጤነኛ ካውያ። አባዛው፤ ሰባት መቶ አራት ዋት። ካውያው ላይ የተጻፈው ግን አንድ ሺህ አንድ መቶ ነው።

«ጅቡ ጾመኛ ነው፣ ጋሼ። የሚገባውን እንኳ አያገኝም።»

ሑስና ሳቋ አመለጣት። ጉተማ ግን አልሳቀም። ለሥራ በሄደባቸው በወለንጪቲም በደራም ያየው ይኸንኑ ነው፤ መስመሩን ያበላሸው አይጠየቅም፣ መስመሩ መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ይባረራል። ደሙ ፈላ። በልቡ «አቤቱ፣ ለአፌ ጠባቂ አኑር» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አርባ አራት ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። በአራት አምፔር ሲባዛ መቶ ሰባ ስድስት ዋት። ይሄ ሁሉ ሙቀት ሆኖ ግድግዳ ውስጥ፣ ሽቦው የተቀጠለበት ላይ ነው ያለው። ለዚህ ክፍል መስመሩን ማን ቀጠለው?»

አቶ ማስረሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔው ነኝ። በፌስታል ጠቅልዬ… ለሁለት ሽቦ ባለሙያ ይጠራል?»

ካውያው ተነቀለ። ሽቦውን ተከትለው የራሳቸው ሳሎን ገቡ። መስመሩ ግድግዳ ውስጥ የሚገባው ከቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ጀርባ ነበር፤ ከሥሩ የልጅ ልጃቸው አልጋ። የሥዕሉ የታችኛው ጠርዝ ጠቁሯል።

«የጧፍ ጭስ ነው» አሉ ሽማግሌው፣ ለራሳቸውም ሳይመስላቸው።

«እጅዎን ግድግዳው ላይ ያሳርፉ።»

አሳረፉ። መልሰው ሳቡት። ዓይናቸው አልጋው ላይ ቀረ።

«ግድግዳውን ስበረው» አሉ ቀስ ብለው።

«እሰብረዋለሁ። ግን ትናንት በሰው ፊት የተናገሯት ነገር አለ፣ ጋሼ። እሱን እኔ አልጠግነውም።»

ሑስና ደፉ ላይ ቆማ ነበር፤ ጥቅሏ በብብቷ። አልለመነችም፣ አልሄደችምም። አቶ ማስረሻ ጫማቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ወጡ፤ ሥዕሉን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«እሺ» አሉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ሥዕሉን ላውርድና እነግራቸዋለሁ። ጎረቤቱን ጥራልኝ።»