ያልተፈተሸው ገጽ

ሀሌሉያ ዲላ ከተማ ባለ አንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ስትሠራ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ከስድስቱ አምስቱን የበላባት አንድ መመሪያ ነው፤ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሲስተም ኮምፒውተር ነክቶ ለማያውቅ ሰው በአማርኛ የሚያስተምር መመሪያ። ሲያወሩት ቀላል ነው፤ ይጻፋል፣ ያልቃል፣ ይታተማል። እንዲያ ቢሆንማ ምን ነበረበት። ሲስተሙ በየጊዜው ይታደሳል፤ በታደሰ ቁጥር ትናንት ግራ የነበረው ቁልፍ ቀኝ ይሄዳል፣ አንዱ ምርጫ ይጠፋል፣ ሌላው ስሙን ይቀይራል። መመሪያው ግን ራሱን አያድስም። የሚያድሰው ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ሀሌሉያ ነበረች።

አሠራሯ ለጉድ ነው። ራሷ ሞክራ አይበቃትም፤ "የኔ እጅማ ለምዷል" ትላለች። በዲላ ዙሪያ ወዳሉት ጪጩ ወይ ኮንጋ ወይ ቡሌ ትሄድና አንድ ጀማሪ ኮምፒውተር ፊት አስቀምጣ፣ ወረቀቱን ሰጥታ፣ ከጎኑ ዝም ብላ ትቀመጣለች። ቢጠይቃት አትመልስም፣ ቢሳሳት አታግዝም፤ ያመነታበትን ቦታ ብቻ በእስክሪብቶ ታከብበታለች። ሲያልቅ በገጹ ግርጌ ሁለት ነገር ትጽፋለች፤ የተፈተሸበትን ቀንና የሞከረውን ሰው ስም። በየወረዳው ያሉ ጸሐፊዎች ታዲያ መመሪያውን ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚያዩት ግርጌውን ሆነ። የሲስተሙን የዕትም ቁጥር ማን ልብ ይላል? የሚያውቁት ሰው ሞክሮታል፣ ቀኑም ቅርብ ነው ከተባለ አለቀ፤ ዓይን ጨፍኖ መሄድ ነው።

ይህን ሥርዓት ያስተማራት ገሪማ ነው፤ የማሠልጠኛው ኃላፊ። ማውዝ መያዝ ስታፍር ያስለመዳት እሱ፣ "ያልሞከርሽውን አትጻፊ፤ ከጻፍሽ ዋሽተሻል" ያላት እሱ። ጋሼ እያለች፣ እርስዎ እያለች ኖራለች። አባቷ ከሞቱ ወዲህም ምክር ሲያስፈልጋት የምትሄደው ወደ እሱ ነበር።

ወይዘሮ ሙሉነሽ ደግሞ የቡሌ ሰው ናቸው። እዚያ ባለ አንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የልደትና የጋብቻ መዝገብ ይይዛሉ፤ ዕድሜያቸው ሃምሳ ስድስት። ሲስተሙ እንዴት እንደሚጫን የሚያስረዳውን ገጽ በ2014 የሞከሩት እሳቸው ነበሩ፤ በዚያ ብርድ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሦስት ሰዓት ሙሉ። ስማቸው ታትሞ ሲመጣላቸው ወረቀቱን ይዘው ሄደው ለጸሎት ቤታቸው ሰው ሁሉ አሳይተዋል።

አዲሱ የሲስተሙ ዕትም የወጣ ጊዜ ሀሌሉያ መጀመሪያ ማሠልጠኛው ውስጥ ሞከረችው፤ ደነገጠችም። ድሮ በሚጫንበት ጊዜ የመጀመሪያ ሆኖ የሚቀርበው ምርጫ አዲሱን ሲስተም ከነበሩት ፋይሎች ጎን ማስቀመጥ ነበር። መመሪያውም "የመጀመሪያውን ምርጫ ሳትነኩ ቀጥሉ" ይላል። አሁን የመጀመሪያው ምርጫ ዲስኩን ጠርጎ መጫን ሆኗል፤ ፎርማት ማለት ነው፣ የነበረው ፋይል ሁሉ ይጠፋል፤ ያውም በእንግሊዝኛ፣ በደቃቅ ፊደል። ወዲያው ከገጹ አናት ላይ በቀይ "አልተፈተሸም፤ እንዳይታተም" ብላ ጽፋ ለገሪማ ላከችለት፤ በቃልም ነገረችው። የቡሌ መንገድ በዝናብ ተበላሽቶ ስለነበር "ደረቅ ሲል ወጥቼ ከእትዬ ሙሉነሽ ጋር አዲስ ገጽ እሠራለሁ" አለችው። "ጎሽ" አላት።

አንድ ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ሙሉነሽ ደወሉ።

"ልጄ፣ መዝገቡ የለም።"

"የቱ መዝገብ እትዬ?"

"ሁሉም። የአራት ዓመቱ። እንደ መጽሐፉ አደረግኩ፤ ስከፍተው ባዶ ነው።"

"የቱ መጽሐፍ?"

"የላካችሁት ነዋ። ከፍላሹ ጋር የመጣው፣ በየቢሮው ጫኑ የተባልነው።"

ሀሌሉያ የላከችው መጽሐፍ አልነበረም። ስልኩን ዘግታ ወደ ዕቃ ክፍሉ ሄዳ አንዱን ካርቶን ቀደደች። መጽሐፉ አዲስ ነው፤ ቀለሙ ገና ይሸታል። ሽፋኑ ላይ ገሪማ ከረባት አስሮ ቆሟል፤ ከሥሩ "አዘጋጅ" ይላል። የእሷ ስም መጨረሻው ገጽ ላይ "በጽሕፈት ለረዱን" ከተባሉት መካከል አለ። አምስት ዓመት ጭቃ ለጭቃ የዞረችው ለካ ጽሕፈት ኖሯል። ይህን እንኳ ዋጥ አድርጋ ትተወው ነበር፤ ሆደ ሰፊ ናት። ቀጥላ ግን ገጽ ዐሥራ ሁለትን ገለጠች። የመጫኛው ገጽ እንዳለ ገብቷል። ቀዩ ጽሑፍ ተነሥቷል። ግርጌው ላይ "የተፈተሸበት ቀን፦ ጥር 2017። የሞከሩት፦ ወይዘሮ ሙሉነሽ፣ ቡሌ" ይላል።

ገሪማ ቢሮው ውስጥ ሻዩን ያማስላል። መጽሐፉን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

"ይህን ገጽ ማን ፈተሸው?"

አየት አደረገውና መነጽሩን አወለቀ። "ሀሌ፣ የሥልጠናው ቀን ደረሰብን። የ2014 ቀን የተጻፈበት መጽሐፍ ይዘን ብንቀርብ ማን ይቀበለናል? ቀኑን ብቻ ነው የቀየርኩት።"

"ብቻ?"

"አንዲት ቃል አልነካሁም። ያንቺ ጽሑፍ እንዳለ ነው።"

"ቀዩስ?"

መነጽሩን ይወለውል ጀመር።

"እትዬ ሙሉነሽ የአራት ዓመት መዝገብ ጠፋባቸው" አለችው። አሁን ይነሣል፣ ኮቱን ያነሣል፣ "በይ ቡሌ እንውጣ" ይላል ብላ ጠበቀች። የምር ጠበቀች።

"ሰምቻለሁ" አለ። "አለቃቸው ጠዋት ደውሎልኝ ነበር። ገጽ ሦስት ላይ እኮ ፋይላችሁን አስቀድማችሁ ገልብጡ ይላል። አልገለበጡም። የተጠቃሚ ስህተት ነው ብለን ደብዳቤ ልከናል።"

ገጽ ሦስትን የጻፈችው ራሷ ናት። የቡሌው ቢሮ ፋይል የሚገለብጥበት ሌላ ዕቃ እንደሌለውም ታውቃለች፤ ገሪማም ያውቃል። ሴትዮዋን የሚወነጅለው ደብዳቤ የተጻፈው በሀሌሉያ በራሷ ዐረፍተ ነገር ነው።

"ያልሞከርሽውን አትጻፊ ያልከኝ አንተ ነህ" አለችው። አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር። ሁለቱም ሰሙት። እሱ ሻዩን ማማሰል ቀጠለ።

ማክሰኞ ጠዋት መጽሐፉን፣ የ2014ቱን ገጽና በቀይ የጻፈችበትን ወረቀት ቅጂ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ቡሌ ወጣች፤ ግማሹን በሚኒባስ፣ ቀሪውን በእግሯ፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቷ እየዋጣት። ልቧ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እኚህ ሴት ከዳችኝ እንዳይሏት።

ወይዘሮ ሙሉነሽን የቢሮው በር ላይ፣ ባለጉዳይ የሚቀመጥበት አግዳሚ ወንበር ላይ አገኘቻቸው። ኮምፒውተሩን ወስደውባቸዋል። ተነሥተው ሳሟት፤ ቀዝቃዛ እጇንም ይዘው አሻሹላት። እንዲያ ባያደርጉ ይሻላት ነበር።

"እትዬ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም" ብላ የመጽሐፉንና የ2014ቱን ገጽ ጎን ለጎን ጉልበታቸው ላይ ዘረጋች። "እርስዎ የሞከሩት ይኼን፣ የ2014ቱን ነው። የዘንድሮውን አልሞከሩም። ቀኑ ውሸት ነው። ጋሽ ገሪማ ነው የጻፈው።"

አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ። በጣታቸው ግርጌውን ተከተሉት።

"አቁሜ ነበር እኮ" አሉ።

"ምኑን?"

"ስክሪኑ የማውቀው አልመሰለኝም። እጄን አነሣሁ። ልደውልልሽ ስልኬንም አውጥቼ ነበር። ከዚያ ግርጌውን አየሁት። ስሜ አለ፤ ጥር ይላል። ጥር ላይ መጥተሽ እንደሆነ ላስታውስ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም።" ጣታቸውን ከግርጌው አነሡ። "እናቴ በመጨረሻው ልጆቿን መለየት አቅቷት ነበር፣ ታውቂያለሽ። እኔንም ጀመረኝ አልኩ። ሞክሬው ረስቼዋለሁ ብዬ አሰብኩ። አፈርኩ፤ ለማንም ሳልናገር ቀጠልኩ።"

ሀሌሉያ ከጎናቸው አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

"ትናንት የመዝገቡን መጥፋት የሚያጣራው ኮሚቴ ሲጠይቀኝም ይኼንኑ አልኳቸው። ሞክሬዋለሁ፣ ረስቼዋለሁ ብዬ ፈረምኩ። ሌሊቱን ደግሞ የልጆቼን ስም ስቆጥር አደርኩ።"

"አሁኑኑ ገብቼ እነግራቸዋለሁ" አለች ሀሌሉያ፤ እንባዋ ይቀድማት ጀመር። "ማስረጃው እጄ ላይ ነው። ያ ፊርማ ይሰረዛል።"

"ንገሪያቸው። ጌታ ይባርክሽ።" እስክሪብቶ ከኪሳቸው አወጡና ሰጧት። "አስቀድመሽ ግን ስሜን ከዚህ አውጪልኝ።"

"እሺ እትዬ። አዲሱን ገጽ አብረን ስንሞክር..."

"አዲሱን ከሌላ ሰው ጋር ሞክሪ።" በድምፃቸው ቁጣ አልነበረም። "አንቺን አልጠላሁም፣ ልጄ። ግን ስሜ ካንቺ እጅ ወጥቶ የት እንደሚሄድ አንቺም አታውቂውም።"

እውነት ነዋ። ጎንበስ ብላ በመጽሐፉ ገጽ ላይ ያለውን ስም ሰረዘች፤ እስክሪብቶውንም ልትመልስላቸው ዘረጋች።

ወይዘሮ ሙሉነሽ አልተቀበሏትም። የ2014ቱን ወረቀት፣ ያንኑ ለጸሎት ቤታቸው ሰው ሁሉ ያሳዩትን ገጽ፣ ወደ እሷ ገፋ አደረጉት።

"ያኛውንም" አሉ።

ሀሌሉያ እውነተኛውንም ሰረዘችው።