ይቅርብኝ ያልኩት ፏፏቴ

የልጅ ልጄ ባል ሊፍት ጠጋኝ ነው። ጥሩ ሰው ነው፤ ክፉ ቃል ከአፉ አይወጣም። ግን ቀኑን ሙሉ ከቁልፍ ጋር ስለሚውል ነው መሰለኝ፣ የሰውንም ንግግር እንደ ቁልፍ ነው የሚይዘው። «ላይ» ካሉት ላይ ነው፤ «ታች» ካሉት ታች ነው። በመሃል ያለውን አያውቅም። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩት በመሃል ነው።

ዘንድሮ የእሱና የሚስቱ የዓመት ፈቃድ ገጠመላቸውና ሽርሽር ለመሄድ ተነሱ። አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ዕቃ ሁሉ ወደ ራሱ ሰበሰበና «እማማ፣ እርስዎ ያላዩት መንገድ አይቀናንም፤ እስቲ ይመልከቱልኝ» አለኝ። የጨው ዕቃውን ፊቴ አስቀመጠ። «ይቺ የነገሥታቱ ግንብ ናት።» ሹካ አጋደመ። «ይሄ የድንጋዩ ድልድይ።» የተደፋ ብርጭቆ ዋሻ ሆነ፤ የሾርባ ሳህን ሐይቅ ሆነ። በመጨረሻ የውሃ ጆጉን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አቆመ። «ይሄኛው ፏፏቴው ነው።»

ልቤ ድንግጥ አለ። ግን ተራው ገና ስላልደረሰ ከግንቡ ጀመርኩ።

«ደረጃው መደገፊያ አለው?»

«የጥንት ነው እማማ፤ የለውም።»

«እንግዲህ ይህችን ልጅ ታውቃታለህ።» ያልኩት የእነሱን ልጅ ነው። ተራምዳ አታውቅም፤ ዘላ ብቻ ነው የምትሄደው። ፌንጣ ብዬ ስም ያወጣሁላት ለዚህ ነው። ያን ጊዜም ወንበር ላይ ቆማ ነበር። «ከዚያ ላይ ዘልላ ብትወርድስ?»

የጨው ዕቃውን አነሳው።

«ድልድዩን ማን ፈተሸው?»

«ኧረ እማማ፣ ስንት ዘመን የቆመ ድልድይ ነው!»

«እንግዲያውስ ደክሞታላ!»

ሹካውን አነሳው። ዋሻው ውስጥ የሌሊት ወፍ አለ፣ ፀጉር ውስጥ ይገባል አልኩ፤ ብርጭቆው ተነሳ። ውሃ ዘመድ የለውም፣ ጀልባ ደግሞ እንጨት ነው አልኩ፤ ሐይቁ ተነሳ።

«እማማ ፈሪ!» አለች ፌንጣ።

«ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ ውረጂ ከወንበሩ!»

ጠረጴዛው ላይ የቀረው ጆጉ ብቻ ነበር። ስለ እሱ ምንም አላልኩም።

ስለ ፏፏቴው መናገር አለብኝ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ፎቶ አንሺ ነበር። ፎቶ ቤታችን ግድግዳ ላይ ከጣሪያ እስከ ወለል የተዘረጋ ሸራ ነበር፤ በላዩ ላይ ያ ፏፏቴ ተስሎበታል። ሰዓሊው ከቀን መቁጠሪያ ላይ ነው የገለበጠው እንጂ እሱም በዓይኑ አላየውም። የእኔ ሥራ ደንበኛ ማሰናዳት ነበር፤ ኮሌታ አቃናለሁ፣ ፀጉር አበጥራለሁ፣ የሚያለቅስ ሕፃን አባብላለሁ። ሙሽራው ከሙሽሪት፣ ወታደሩ ከእናቱ፣ ተማሪው ከጓደኛው፣ ያላለፈ ሰው የለም በዚያ ውሃ ፊት። «ኧረ ራቅ በሉ፣ ትረጥባላችሁ!» ይላቸዋል ባለቤቴ፤ ሲስቁ ያነሳቸዋል። ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ሸራውን በእርጥብ ጨርቅ የማብሰው እኔ ነበርኩ። ብቻዬን ስሆን ጆሮዬን አስጠጋ ነበር። እብደት ነው መቼም፤ ሸራ ምን ድምፅ አለው? ግን ያ ሁሉ ውሃ እየወደቀ ዝም ማለቱ ይከብደኝ ነበር። ባለቤቴ ሞተ፤ ፎቶ ቤቱ የሞባይል መሸጫ ሆነ፤ ሸራውን አይጥ በላው። ውሃው ግን ከእኔ ጋር ቀረ። ሰው የሚናፍቀው ያየውን ነው ይላሉ። እኔ ያላየሁትን ስናፍቅ አረጀሁ።

እና የልጅ ልጄ ባል ጆጉን በጣቱ እየነካ «እማማ፣ እርስዎስ አብረውን ይሄዳሉ?» አለኝ።

«ኧረ እኔ ይቅርብኝ» አልኩ። «ለእኔ ምን ያደርግልኛል? እናንተ ሂዱ።»

እንግዲህ በእኛ አፍ ይቅርብኝ ማለት የተቆለፈ በር አይደለም፤ ገርበብ ያለ በር ነው። «ኧረ በሞቴ!» ይባላል፣ ገፋ ይደረጋል፣ እኛም «እንግዲህ ካላችሁ ምን ይደረግ» ብለን እንገባለን። እኔ «ካላችሁማ» የሚለውን ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ አዘጋጅቼ ጠበቅኩ።

«እሺ እማማ» አለ። «አናስቸግርዎትም።» ስልኩን ነካ ነካ አደረገና የሦስት ሰው አልጋ ጠየቀ። ከዚያ ፊቱ በራ። «እርስዎ ካልመጡና ካልተሳቀቁማ…» ብሎ የጨው ዕቃውን መለሰው። ድልድዩን መለሰው። ዋሻውንም ሐይቁንም መለሰው። የሚታዘዝ ሰው አያድርስ!

የልጅ ልጄ ያን ሰዓት ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን ታጥብ ነበር፤ ቧንቧው ይወርዳል፣ አልሰማችም።

ከዚያ በኋላ ያልሞከርኩት የለም። ከቤት ካልወጣሁ የማልጫማውን ጫማዬን አውጥቼ በር ላይ ቀለም ቀባሁት። «ለሐኪም ቤት ቀጠሮ አለዎት እንዴ?» አለኝ። «እዚያ አገሩ ይበርዳል ይሆን?» ብዬ ጠየቅኩት። በማግስቱ ለፌንጣ ወፍራም ጃኬት ገዝቶ መጣ። «እርስዎ ባያስታውሱኝ ልጄን በብርድ እፈጃት ነበር» ብሎ አመሰገነኝ። ምን ይሉታል ይህን? ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኔ ዝምታ ግን ውስጤ ነቀዘ።

የልጅ ልጄ ሻንጣ ማሰናዳት ስትጀምር አጠገቧ ተቀመጥኩ። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ልብስ ስታጥፍ እጇ የእኔ እጅ ነው። የቁስል ፕላስተር ሰጠኋት፣ ጃንጥላ ሰጠኋት።

«ገደሉ ጋ ስትደርሱ ፌንጣን ወገቧን በነጠላ እሰሪያት።»

«ልጅ ናት እኮ እማማ፣ ጥጃ አይደለችም።»

«እሺ። ውሃውን ስታዪ ደግሞ…» አልኩና የጃንጥላውን ማሰሪያ አጠበቅኩ። «ድምፁን ልብ ብለሽ ስሚው። ምን እንደሚመስል ስትመጪ ትነግሪኛለሽ።»

የያዘችውን ሸሚዝ አስቀመጠች። «እማማ፣ መሄድ ፈልገሽ ነው?»

«እኔ? ምን በወጣኝ!»

«እማማ።»

ነጠላዬን አስተካከልኩ።

«ጠይቆሽ የለም እንዴ?»

«አንድ ጊዜ ነዋ የጠየቀኝ!»

አልጋው ላይ ዘፍ ብላ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። አየችኝና ሳቋን አቆመች።

«ንገሪልኝ» አልኳት።

«አልነግርልሽም።»

«ምን?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ ያንቺ አስተርጓሚ ነኝ። ሰው ቤት ጠግቤያለሁ ስትዪ፣ ኧረ ጨምሩላት የምለው እኔ። ሐኪም ፊት ደህና ነኝ ስትዪ፣ ስታቃስት ነው ያደረችው የምለው እኔ። ይሄን እንኳ በራስሽ አፍ በዪው።» እጄን ያዘች። «ዛሬ ገበያው አጠገብ ያለው ትልቁ ሕንፃ ላይ ነው የሚሠራው። አልጋውን የሚያስረግጠው ዛሬ ነው። ከዛሬ ካለፈ ቦታ አይገኝም።»

ጫማዬን አደረግኩ። ቀለሙ ገና ያብለጨልጭ ነበር።

ሕንፃው ሥር ዘበኛው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ ይሰማል። የሊፍቱ በር ክፍት ነው፤ ከኋላው ሳጥኑ የለም፣ ጨለማ ጉድጓድ ብቻ ነው፤ እንጨት ተጋርዶበታል። ከላይ ብረት ከብረት ሲጋጭ ይሰማል። ባሏ እዚህ እየዋለ የልጅ ልጄ እንዴት ነው እንቅልፍ የሚወስዳት አልኩ።

«ልጄ!» ብዬ ወደ ላይ ተጣራሁ።

ብረቱ ዝም አለ። «እማማ? ምን ሆነ? ፌንጣ ወደቀች?» ፍርሃቴን ለእነሱም አጋብቼባቸዋለሁ ለካ።

«ማንም አልወደቀም! ሁሉም ደህና ነው!»

«ታዲያ ምን እግር ጣለዎት?»

«እንዲሁ ነው… ሰላም ልልህ!»

«እሺ እማማ! ደህና ይዋሉ!» ብረቱ መጋጨቱን ቀጠለ።

ዘበኛው ገላመጠኝ። እኔ እንጨቱን በሁለት እጄ ያዝኩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ አይመለስም። ዓይኔን ጨፈንኩና «ውሰዱኝ!» ብዬ ጮህኩ።

ጉድጓዱ ቃሌን ተቀብሎ ፎቅ ለፎቅ አዳረሰው። ውሰዱኝ፣ ውሰዱኝ አለ እስከ ጣሪያ። አንዲት ሴት ከደረጃው ላይ አንገቷን ብቅ አደረገች። ዘበኛው ሬዲዮውን ቀነሰ።

«የት ነው የምንወስድዎት?» አለ ከላይ።

«ፏፏቴው ጋ! እኔም ልሂድ!»

«ይቅርብኝ ብለውኝ ነበር እኮ!»

«እሱ ለወጉ ነው!»

«ለምኑ?»

ዘበኛው ተነስቶ አገዘኝ። «ለወጉ ነው ይላሉ! ሰውዬ፣ እናት ለምነህ አታውቅም እንዴ!»

በደረጃው እየሮጠ ወረደ፤ እጁ የማሽን ቅባት በቅባት ነው። ፊቴን ሲያይ ከንፈሩን ነከሰ። «ይሄን ሁሉ ቀን ሆድዎ ሲባባ ከርሟላ?»

«ሁለተኛ ትጠይቀኛለህ ብዬ ነው።»

«ትልቅ ሰው አይነዘነዝም ብዬ እኮ ነው።»

እሱ አክብሮኝ ነው፣ እኔም አክብሬው ነው፤ በመከባበር ሰው ቤቱ ሊቀር ነበር። ስልኩን በሸሚዙ ጠርጎ ደወለ። «አንድ አልጋ መጨመር ይቻላል?» ሲል እኔ የዘበኛውን ወንበር መደገፊያ ይዤ ነበር። «ይጠብቁ ብለውኛል» አለ። ጠበቅን። ዘበኛው ሬዲዮውን ጨርሶ አጠፋ። «እሺ» አለ በመጨረሻ፤ «እሺ፣ ከልጅቷ ጋር አንድ ክፍል ይሁን።»

ዘበኛው ወንበሩን አቀበለኝ።

«ግን እማማ» አለና የልጅ ልጄ ባል ቁጢጥ ብሎ ፊቴ ተቀመጠ። «እኔ ለሥራ ሄጄ አንዴ አይቼዋለሁ። ቁልቁለቱን አይችሉትም። እርስዎ ከላይ፣ ከመኪና ማቆሚያው ሆነው ነው የሚያዩት። ፌንጣ ግን ከእኔ ጋር እስከ ታች ትወርዳለች፤ ቃል ገብቼላታለሁ። ከላይ ሆነው ተመለሱ፣ ተጠንቀቁ ብለው ቢጮሁ አንሰማዎትም። ውሃው ድምፅዎን ይውጠዋል።»

«ያን ያህል ይጮሃል?»

«መኪናው ሳይቆም ይሰማል እማማ። መጀመሪያ በደረትዎ ነው የሚሰሙት፣ ከዚያ ነው በጆሮዎ።»

ልጅቷ እዚያ ታች፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ እየዘለለች ታየችኝ። እኔ ከላይ አፌን ከፍቼ፣ የማይሰማ ነገር እየጮህኩ። አይሆንም ልል ነበር። ደረቴ ግን ገና ምንም ሳይሰማ ይጠብቅ ነበር።

«ትውረድ» አልኩት።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ሁለተኛ አትጠይቀኝ!»