የሀሰኖ ግራ ጉንጭ

ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ። ድምፁ የሚመጣው ከሀሰኖ ሱቅ ጀርባ፣ ከሳንቃው ግድግዳ ወዲያ ነው። በርበሬ ነው እንዳይባል አያስነጥስም፤ ቡና ነው እንዳይባል ድምፁ እርጥብ ነው። ሳሙና ሊገዙ የገቡት ኦቦ ዳዲ ጆሯቸውን አቀኑ።

«ሀሰኖ፣ ጓዳህ ያለው ወንደላጤ ሚስት አገባ እንዴ? ሳትጠራን?»

«የምን ሚስት! ጫቴን እየወቀጠ ነው።»

«ውይ! ጥርስህ አለቀ?»

«ለኔ አይደለም አሉ። ለሳይንስ ነው።»

የሁለቱ ሽማግሌዎች ሳቅ በሳንቃው ስንጥቅ አልፎ ገርባ ጋ ደረሰ። ገርባ ግን ዘነዘናውን አላሳረፈም። ቅጠሉ ልሞ ጭማቂው አረንጓዴ አረፋ እስኪያወጣ ድረስ ወቀጠ፤ ከጉድጓድ የተቀዳ ውሃ ጨመረበት፤ በንጹህ ጨርቅ አጥልሎ በብልቃጥ ያዘው።

ገርባ የመናገሻ ገበሬ ልጅ ነው። ሰበታ የመጣው ለትምህርት ሲሆን አባቱ ለእህል ደንበኛቸው ለሀሰኖ አደራ ብለው ትተውት ሄዱ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ማትሪክ ሳይቀናው ሲቀር አገር ቤት መመለስ አፈረ። ሀሰኖ ያን ጊዜ ምክርም ወቀሳም አልተናገሩት፤ «ክፍሉ ያው ክፍልህ ነው» ብቻ አሉት። አሁን በተማረበት ትምህርት ቤት የሳይንስ ክፍሉን ዕቃ ይጠብቃል፣ ብልቃጥ ያጥባል። ጓደኛ የለውም። ከሥራ ሲወጣ ወንዙን ተከትሎ ብቻውን ይሄዳል፤ መንገድ ላይ ሰላም ያለውን ሰው፣ ሰውየው ካለፈ በኋላ ነው ዞሮ የሚመልስለት። «ነፋስ የወሰደው» ይሉታል የሰፈሩ ልጆች።

ነፋስ የወሰደው ይሁን እንጂ ዓይኑ ያያል። ባለፈው ሰሞን ሀሰኖ ሱቃቸው ደጃፍ ፀሐይ እየሞቁ ከልባቸው ሲስቁ፣ ከግራ ጉንጫቸው ውስጥ፣ ጫቱን ዘወትር በሚወትፉበት ቦታ ላይ፣ የወተት ስልባቦት የመሰለ ነጭ ነገር አየ። «እስቲ ይጥረጉት» አላቸው። ጠረጉት፤ አልለቀቀም። አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ይሂዱ ብሎ ለመናቸው። ሚስታቸው እትዬ ሃዋም ለመኑ።

«ሄጄ ምን ልበል? ያላመመኝን አመመኝ ልበል?» አሉ ሀሰኖ። ልመናው ሲበዛባቸው ደግሞ ተቆጡ። «ስማ ገርባ፤ የተማርክ አይደለህ? ይህ ቅጠል የሰው ገላ ላይ አንድ ነገር ሲያደርግ በዓይኔ አሳየኝ። ወላሂ፣ ያን ጊዜ እሄዳለሁ። እስከዚያ አፌን እንደ በቅሎ አፍ አትይብኝ!»

ከሀሰኖ አፍ ወላሂ ከወጣ ወጣ ነው። ገርባም ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ የለውም። ያሳደጉት ሰው አፍ ውስጥ አንድ ነገር ተቀምጧል፤ ያ ነገር ከመክፋቱ በፊት ማሳየት አለበት።

ብልቃጡን ይዞ ትምህርት ቤት ገባና ማይክሮስኮፑን መስኮቱ ሥር አስቀመጠ፤ ከታች ባለችው መስታወት የፀሐዩን ብርሃን እየጠመዘዘ አስገባ። ጣቱን በመርፌ ወግቶ ደሙን በስሱ መስታወት ላይ አደረገና አየ። ክቦቹ የደም ሕዋሳት እንደ ተበተነ ምስር ተዘርግተዋል። ከጫቱ ውሃ ጠብ አደረገባቸው። ምስሮቹ ደበዘዙ፤ ወዲያው እንደ ጤዛ ጠፉ። አንድም አልቀረ።

ጣቱን ሳይጠርግ ወጥቶ ሮጠ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ «ሴል» የሚለውን ሀሰኖ እንዲገባቸው እየሮጠ አማርኛ ፈለገለት፤ የቀናው «ሕዋስ» የሚለው ቃል ነበር።

«ጋሼ ሀሰኖ! አገኘሁት! ጫት ሕዋስ ይገድላል!»

ሀሰኖ ጉንጫቸው እንደ ተወጠረ ቀና አሉ። እሳቸው ሕዋስ ሲባል የሚያውቁት ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነው፤ ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስ፣ መዳሰስ።

«የኔ ሕዋስ ሞተ? ዳዲ፣ ስማልኝ! በሱቄ ላይ ቆሞ ደንዝዘሃል ይለኛል!»

«ኧረ እንደሱ አይደለም፣ ጋሼ—»

«ዓይኔ ይኸው፣ ሸሚዝህን ደም እንደነካው ያያል። ጆሮዬ ይኸው፣ ከድልድዩ ወዲያ የጅማ አውቶቡስ ሲያጓራ ይሰማል። አፍንጫዬ ይኸው፣ ዳዲ በግ ሲጎትት እንደዋለ ያሸታል!»

«በግ አይደለም፣ ፍየል ነው» አሉ ኦቦ ዳዲ። «ልጁ እውነቱን ነው፤ ግማሹ ሞቶብሃል።»

ሱቁ በሳቅ ተናጋ። ገርባ «ሌላ ሕዋስ ነው፣ በዓይን የማይታይ» ቢልም የሚሰማው አጣ። «አምስት አድርጎ የፈጠረን አላህ ነው» አሉ ሀሰኖ፤ «ስድስተኛውን አንተ ልትጨምር?»

በማግስቱ ገርባ ማይክሮስኮፑ ፊት ተቀምጦ አንድ ነገር ከነከነው። ደሙ የጠፋው ጫቱ ሲነካው ነው፤ ጫቱ ግን ያለው ውሃ ውስጥ ነው። ውሃው ብቻውን ቢሆንስ? ጣቱን ወጋ፤ ከዚያው ከጉድጓዱ ውሃ ብቻ ጠብ አደረገ። ምስሮቹ ደበዘዙ፤ ጠፉ።

ገዳዩ ውሃው ነበር።

ዝም ቢል ማን ያውቃል? ሀሰኖን እዚህ አምጥቶ የሚጠፋውን ደም ቢያሳያቸው ያምናሉ። ወላሂ ብለዋልና ሐኪም ቤት ይሄዳሉ። ለደግ የተዋሸ ውሸት ነው። ግን «በዓይኔ አሳየኝ» ያለን ሰው በገዛ ዓይኑ ማታለል ምን ይባላል? ነገ ሌላ ሰው እውነቱን ቢነግራቸው እሱንም ሐኪሙንም አያምኑም። ተነሥቶ ወደ ሱቁ ሄደ።

«ጋሼ፣ ትናንት ያልኩዎት ልክ አይደለም። የገደላቸው ውሃው ነው።»

ሀሰኖ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ውሃም ገዳይ ከሆነ እንግዲህ በምን ልኑር? በምራቄ?» ሳቃቸው ሲበርድ ግን ልጁን ትክ ብለው አዩት። «ማን ጠይቆህ ነው ይህን መጥተህ የነገርከኝ?»

«ማንም።»

«ቀጥል እንግዲያው።»

ገርባ ቀጠለ። የተወጋ ጣቱን ሲመጥ ደሙ ጨው ጨው አለው፤ እንባም ላብም እንዲሁ ነው። እንግዲህ የሰው ውስጥ ውሃ ጨዋማ ነው፤ ጨው የሌለው ውሃ ለሕዋሳቱ ባዕድ ነው ማለት ነው። በትምህርት ቤቱ ሚዛን ጨው እየመዘነ በፈላ ውሃ አሟሟ። ሲያበዛው ሕዋሳቱ እንደ ዘቢብ ተጨማደዱ፤ ሲያሳንሰው ጠፉ። ጣቶቹ ሁሉ ተወጉ፤ ብዕር መያዝ እስኪያቅተው ቆሰሉ። አላቆመም። በመጨረሻ ምስሮቹ ሳይፈነዱም ሳይጨማደዱም ቁጭ የሚሉበትን ልክ አገኘ።

ያን ጊዜ ጫቱን በዚያ በጨው ውሃ ወቀጠ። ባንዱ መስታወት ላይ የጨው ውሃ ብቻ፣ በሌላው ላይ የጫቱን አደረገ። የመጀመሪያዎቹ እንዳሉ አሉ። የጫቱ ግን ጥቂት ቆይተው ጠርዛቸው ተኮማተረ፤ በረዶ እንደ ወረደበት መንጋ እርስ በርሳቸው ተጠጋግተው፣ ተጣብቀው፣ ጉብ ጉብ ሆኑ። ደጋገመው። በትምህርት ቤቱ ዘበኛ ደም ሞከረ፤ ያው ነው። ቅጠል ሁሉ እንዲህ ያደርግ ይሆን ብሎ ጎመን ወቅጦ ሞከረ፤ ጎመኑ እንደዚያ አላደረገም። እትዬ ሃዋ «ጎመኔንም ለማይክሮስኮፕ አበላኸው?» ብለው ጮኹበት፤ በማግስቱ ግን ሌላ እስር ጎመን በሩ ላይ አስቀምጠውለት ሄዱ።

ቅዳሜ ጠዋት ሀሰኖን ወደ ሳይንስ ክፍሉ ወሰዳቸው። ኮታቸውን ለብሰው፣ ቆባቸውን አስተካክለው መጡ፤ ጣታቸውን ሲወጋቸው «ላንተ ያልሰጠሁት ደሜ ብቻ ነበር» አሉ። ጎንበስ ብለው አዩ።

«የሚታየኝ ሽፋሽፍት ነው።»

«የራስዎ ነው። ትንሽ ራቅ ይበሉ።»

«አ! … ያ ረቢ! ይሄ ሁሉ የኔ ደም ነው?»

«የአንቱ ነው። አሁን ደግሞ ይሄኛውን ይዩ። ቅጠሉ ራስዎ ትናንት ከበርጫዎ የሰጡኝ ነው።»

ሀሰኖ ከዚህኛው ወደዚያኛው፣ ከዚያኛው ወደዚህኛው ደጋግመው አዩ። ወገባቸውን እስኪያማቸው አልተነሡም።

«ተቃቅፈዋል» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የፈሩ ይመስላሉ።»

«ጋሼ፣ አልዋሽዎትም። መስታወት ላይ ያለ ደም አፍ ውስጥ ያለ ሥጋ አይደለም። ነጩን ነገር ያመጣው ጫቱ ነው ልልዎት አልችልም። ቅጠሉ ሲነካቸው ግን ዝም ብለው እንደማያልፉት በዓይንዎ አይተዋል። ነጩ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ሐኪም ነው።»

«እንደ ነጋዴ አትምልም፤ ጥሩ ነው» አሉ ሀሰኖ ቀና ብለው። ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «ግን እነዚህ ያንተ ሕዋሶች ናቸው። የኔ አምስቱ ደህና ናቸው፤ ሦስቱን ዳዲ ፊት ቆጥሬልሃለሁ። አራተኛው ይኸው» ብለው ጠረጴዛው ላይ የፈሰሰውን ጨው በጣታቸው ነክተው ቀመሱ፤ «ጨው ነው። አምስተኛው መዳሰስ።»

ከታጠቡት ዕቃዎች መሐል ቀጭን የመስታወት ዘንግ አነሡ። በቀኝ ጉንጫቸው አስገብተው ወጋ አደረጉት።

«አይ! ይኸው፣ ያማል።»

ወደ ግራው አዞሩት። ጫን አሉት። ጉንጫቸው ከውጭ እንደ ድንኳን ተወጠረ። ዓይናቸው አንድ ነገር እንደሚጠብቅ ሰው ገርባ ላይ ተተክሎ ቀረ። ጨምረው ተጫኑት፤ አዞሩት፤ እንደገና ተጫኑት። ፊታቸው አልተለወጠም።

ዘንጉን ሲያወጡት ጫፉ ደም ነክቶታል።

ሀሰኖ ዘንጉን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩት። በጥንቃቄ ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት፤ የኮታቸውን ቁልፎች ከታች ጀምረው አንድ በአንድ ቆለፉ፤ ወጡ።

ገርባ በመስኮቱ አያቸው። ከግቢው በር ወጥተው ወደ ሱቁ የሚወስደውን ቀጭን መንገድ ዞር ብለው ሳያዩ አለፉት። አስፋልቱን ተሻግረው ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው መኪና በሚቆምበት በኩል ቆሙ። ከጅማ የሚመጣ አውቶቡስ አቧራውን እየጎተተ ደረሰ። ሀሰኖ እጃቸውን አነሡ፤ በሩ ተከፈተ፤ ቆባቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው ገቡ።